«አይከፈልም» ያልነው ውለታ

ግንቦት በጠባ ሰሞን፣ የእናቶች ቀን በሚባለው እሑድ፣ ስልካችን በእናቶች ፎቶ ይጥለቀለቃል። ነጭ በነጭ ለብሳ በርጩማ ላይ የተቀመጠች እናት፣ ጥቁር ጋዋን የለበሰ ተመራቂ ልጇን ያቀፈች እናት። ከሥሩ የሚጻፈው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ የእናት ውለታ አይከፈልም። ሬዲዮው ይህንኑ ሲል ይውላል። ሰርግ ላይ ሙሽራው የእናቱን ጉልበት ሲስም በማይክሮፎን የሚነገረው፣ ለቅሶ ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ የሚዘጋበትም ይኸው ነው።

ይህን አባባል ልሞግተው ነው የተነሣሁት። የሚሉት ሰዎች እናታቸውን እንደሚወዱ አልጠራጠርም። የምጠይቀው አባባሉ ለእናቲቱ ምን ፈየደላት ብዬ ነው። አይከፈልም የተባለ ዕዳ ቀጠሮ አይያዝለትም። ትልቅነቱ እየተወራ፣ በየዓመቱ እየተመሰከረለት፣ ከላዩ ላይ አምስት ሳንቲም ሳይነሣለት ይኖራል። «መቼም ከፍዬ አልጨርሰውም» ያለ ልጅ መክፈል ጀምሮ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ ውለታ አዋቂ ተብሎ ይመሰገናል እንጂ።

«ለእናት አንድ ቀን አይበቃም፣ ዓመቱ ሙሉ የእሷ ነው» የሚሉም አሉ። በሐሳቡ እስማማለሁ። ግን ይህን ያለውን ሰው «ባለፈው ማክሰኞ ምን አደረግህላት?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቻችን መልስ የለንም። ሌሎች ደግሞ በዓሉ የፈረንጅ ነው፣ እኛን አይመለከተንም ይላሉ። ቀኑን የሚያከብሩትን ጨምሮ ሦስቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ቀን ነው። ስለ ቀን የፈለገውን ያህል መከራከር ይቻላል፤ ማንንም ከተቀመጠበት አያስነሣም። የእናቲቱን ቀን ከማለዳ እስከ ማታ አብሮ ውሎ ያየ ሰው ግን ክርክሩን እዚያ ላይ አያቆመውም።

በበዓል እናክብራት ከተባለ መጀመሪያ የራሳችንን በዓል እንመልከት። የፋሲካ ዋዜማ ማጀት ግቡ። ሴትዮዋ 55 ቀን ጾማለች። ዓርብ ስቅለትን ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ውላ መጥታለች። ቅዳሜ ማለዳ ቀይ ሽንኩርት መላጥ ትጀምራለች። ይላጣል፣ ደቅቆ ይከተፋል፣ ከዚያ ድስት ላይ ያለ ዘይት እየተማሰለ፣ እንዳያር ውኃ ጠብ እየተደረገበት፣ መልኩ እስኪቀየር ለሰዓታት ይቁላላል። በርበሬው ይገባል፣ እንደገና ይቁላላል። ዶሮዋ ተገንጥላ 12 ብልት ይወጣላታል፤ ውኃው እስኪጠራ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ አለ። እንጀራው ተጋግሯል፣ ድፎው ተደፍቷል፣ ጠላው ቀደም ብሎ ተጠንስሷል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ሊፈስክ ሲቀመጥ እሷ ቆማለች። ፈረሰኛው ለአባወራው ይወጣል፣ ልጆቹ ይጎራረሳሉ፣ «ወጥ ይጨመር» ይባላል፣ «ውኃ የለም እንዴ?» ይባላል። አንቺም ብዪ እንጂ ስትባል «እኔንስ ሽታው አጥግቦኛል» ትላለች።

ይህን መልስ ስለ እናት ደግነት በተወራ ቁጥር እናነሣዋለን። እኔ የድካም መልስ ነው እላለሁ። ከማለዳ ጀምሮ ጭስና በርበሬ ስትስብ የዋለች ሴት የምግብ ፍላጎቷ ተዘግቷል፤ እግሯ አብጧል፤ መተኛት አምሯታል። እኛ ግን ድካሟን ጸባይዋ አድርገን ወሰድነው። «እናቴ ከሁላችን በኋላ ነበር የምትበላው» እያልን በኩራት እንናገራለን፤ ይህ የሚያሳፍረው የበላነውን ነው። ኢድ በሚከበርበት ቤትም ነገሩ ያው ነው። ረመዳንን ሙሉ ለአፍጥር ሳምቡሳውን ስትጠቀልል የምታመሸው፣ ለሱሁር ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት። የእናቶች ቀን በሚባለው እሑድ እንኳ ልጆቼ ሊመጡ ነው ብላ ከዋዜማው ጀምሮ ጉድ ጉድ ስትል ታድራለች፤ ኬኩን ቆርሳ፣ ፎቶ ተነሥታ፣ እንግዳው ሲበተን ሰሐኑ የሚጠብቀው እሷኑ ነው።

የዚህን እሑድ አመጣጥ ያዩ ሰዎች አንድ ነገር ይገርማቸዋል። በዓሉን ያስጀመረችው አና ጃርቪስ የምትባል አሜሪካዊት ናት። ያስጀመረችውም እናቷን አን ሪቭስ ጃርቪስን ለማሰብ ነበር። እናትየው በአሁኗ ዌስት ቨርጂኒያ ትኖር ነበር። ከወለደቻቸው ልጆች ብዙዎቹን በሕፃንነታቸው ቀብራ ለአካለ መጠን የደረሱላት 4 ብቻ ነበሩ። እንደ እሷ ልጅ የሚቀብሩ እናቶችን ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1858 የእናቶች የሥራ ክበብ አቋቋመች። ክበቡ መድኃኒት መግዣ ገንዘብ ያሰባስባል፤ ሕፃናት የሚጠጡት ወተት ንጹሕ መሆኑን ይቆጣጠራል፤ የሳንባ ነቀርሳ ለያዛት እናት ቤቷን የምትሠራላት ሰው ይቀጥራል። ልብ በሉ፣ ለታመመችው እናት የሚያቀርቡት ግጥም አልነበረም፤ ሠራተኛ ነበር።

አን ያረፈችው እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1905 ነው። በእኛ ግንቦት 1 ቀን 1897 መሆኑ ነው፣ ልደታ ለማርያም፤ የሰፈራችን እናቶች ንፍሮ ቀቅለው፣ ቡና አፍልተው ደጅ የሚወጡበት ዕለት። ልጅቷ እ.ኤ.አ. በ1908 ግራፍተን በምትባል ከተማ ባለ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያውን አስጀመረች፤ በ1914 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ብሔራዊ በዓል አድርገው አወጁት። ብዙም ሳይቆይ የአበባና የካርድ ነጋዴ ወረሰው። አና ቀሪ ዕድሜዋን ያስጀመረችውን በዓል ከነጋዴዎች ለማስጣል ስትሟገት ጨረሰች፤ ገንዘቧም በዚያው አለቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በአንድ የሕሙማን ማቆያ ውስጥ አረፈች። እኛ የተቀበልነው ነጋዴዎቹ የተዉትን ነው፤ የአን የሥራ ክበብ ከበዓሉ ጋር አልመጣልንም። በዓሉ የፈረንጅ ነው የሚለው ክርክርም ብዙ አያስኬድም፤ ጉራጌ አንትሮሽት የሚባል የራሱ የእናቶች በዓል አለው።

ደግሞስ የአን ክበብ ይሠራው የነበረው ለእኛ እንግዳ ነው? የአራስ ቤት ያየ ሰው እንግዳ ነው አይልም። ሴት ስትወልድ ሰፈሩ ይነቃነቃል። አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ አጥሚት ታፈላለች፣ አንዷ ቅቤ ይዛ መጥታ ወገቧን ታሻታለች፣ ሆዷን በነጠላ ጥብቅ አድርጋ ታስርላታለች። ብቻዋን አትተውም፤ ሌሊት አብሯት የሚያድር ሰው አለ። ውኃ አትቀዳም፣ ምድጃ አጠገብ አትደርስም፣ ትልልቆቹ ልጆቿ ጎረቤት ቤት በልተው ያድራሉ። ክርስትና እስኪነሣ፣ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን፣ በተቻለ መጠን ትታረሳለች። ሁሉም አልደረሰውም፤ በሳምንቷ አጨዳ የወጣች ድሀ እናት ብዙ ናት። ቢሆንም ባህላችን እናትን ማክበር ማለት ሥራዋን ከእጇ መቀበል መሆኑን ያውቅ ነበር። ማንም ሰው አራስ ቤት ባዶ እጁን ገብቶ «ውለታሽ አይከፈልም» ብሎ ሲወጣ አላየሁም። ቅቤ ይዞ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ከክርስትናው ማግስት ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል፤ ልጅ የማሳደጉ ሌላው ሃያ ዓመት ለብቻዋ ይቀራል። እኔ የምጠይቀው ያ የአራስ ቤት ደንብ ከ80ው ቀን በኋላም እንዲቀጥል ነው።

ሥራና ገንዘብ እናትን እንደሚያድን፣ ሙገሳ ብቻውን ግን እንደማያድን ለመረዳት የወሊድ ሞትን ማየት በቂ ነው። በ1992 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በአገራችን ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ልጆች አንጻር የሚሞቱት እናቶች 871 ነበሩ። በ2008 ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በዚያ ዘመን ስለ እናት የተዘፈነው ዘፈን ከቀድሞው አልበለጠም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ፣ ጤና ጣቢያ በየወረዳው ተሠራ፣ አምቡላንስ ተገዛ፣ አዋላጅ ሠለጠነ። ከዚያ በፊት ምጥ ሲጠናባት «ማርያም ማርያም» የሚልላት ጎረቤት አልጠፋም፤ የጠፋው የሚያዋልዳት ባለሙያና የሚያደርሳት መኪና ነበር። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል የሚያክማቸው ሴቶች ለቀናት አምጠው ደራሽ ያጡ ናቸው። ብዙዎቹ ልጃቸውን አጥተው፣ ሽንት መቆጣጠር አቅቷቸው፣ ባል ጥሏቸው ነው የሚመጡት። እናትን እንወዳለን በሚል አገር፣ ለመውለድ ስትል የተጎዳችን ሴት ከቤት ለይተን አስቀምጠናታል።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ መንግሥትም በየዓመቱ ለእናቶች መልካም ምኞቱን ይገልጻልና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ እንድታርፍ ፈቅዷል። በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ነበር። ያ የ30 ቀን ጭማሪ ከስንት ዓመት የመልካም ምኞት መግለጫ ይበልጣል፤ ላወጡት ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። ይኸው አዋጅ ለአባት የሰጠው ግን 3 ቀን ነው። የሕፃኑ እትብት ሳይወድቅ አባት ሥራ ገበታው ላይ እንዲገኝ ይጠበቃል። ልጅ ማሳደግ ላይ አያግዝም ብለን የምንወቅሰው አባት፣ ገና ከመነሻው በሕግ ከአራስ ቤት የተሸኘ ነው።

አዋጁ የማይደርስላቸውም አሉ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች ከአዋጁ ወጥተው ጉዳያቸው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ተብሎ ታልፏል። እነዚህ ሴቶች የሌላውን እናት ሸክም የሚያቀሉ፣ ብዙ ጊዜም ራሳቸው እናት የሆኑ ናቸው። ጉልት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ በመደብ ዘርግታ የምትሸጠው እናትም የወሊድ ፈቃድ የምትጠይቀው አሠሪ የላትም፤ ካልሸጠች የዕለቱ ጉርስ የለም፣ ስለዚህ ጨቅላዋን አዝላ ትመለሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ስታስተዳድር የኖረች እመቤት ደግሞ በስሟ የሚቆጠር አንድም የአገልግሎት ዘመን የላትም። ባሏ የጡረታ ባለመብት ከነበረ ሲሞት የጡረታውን ግማሽ ታገኛለች። እሱ በሕይወት ሳለ ግን የሠራችው ሥራ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

እዚህ ላይ አንድ የማከብረው ተቃውሞ ይነሣል። «እናትነትን በብር መተመን ቅድስናውን ማራከስ ነው» ይባላል። ከልባቸው የሚሉት ሽማግሌዎች አሉ። ነገር ግን በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሲሾም ከነ ሙሉ ሥልጣኑ ነበር፤ የንብረቱም አስተዳዳሪ እሱ ነበር። የአባወራነት ክብር ከገንዘብ ጋር ሲቀመጥ ተራከሰ ያለ አልነበረም። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት እኩል ናቸው፣ በጋብቻ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው ሲል፣ የማጀቷ ሥራ ከባል ደመወዝ እኩል ሀብት ማፍራቱን አምኖ ነው። ሕግ የእናትን ሥራ በብር ከተመነው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። የምንታማው ቤታችን ውስጥ ሕጉን ያህል እንኳ ባለመድረሳችን ነው። ገበያ የምትሄድበትን እየጠየቀች የምትወስድ፣ መልሱን እየቆጠረች የምታስረክብ እናት በየቤቱ አለች። ለእሷ ቅድስት ናት ማለት ምን ይጨምርላታል?

ሌላው ተቃውሞ «እሷ ራሷ አትቀበልም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ አትቀበልም። «ለእኔ ምን ያስፈልገኛል፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልኝ» ትላለች። ጫማ ስትገዙላት ለልጅ ልጇ ታስቀምጠዋለች፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትሏት «ጸበሉ ይበቃኛል» ትላለች። ግን ይህ ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተማረችው ትምህርት ነው። ከወንድሞቿ በኋላ እየበላች ያደገች ልጅ በስድሳ ዓመቷ ለራሷ አንድ ነገር ጠይቂ ብትባል ከየት ታመጣዋለች? ስለዚህ አትጠይቋት። የምትሠራውን ቀድማችሁ ሥሩት፣ የምትሄድበትን መኪና ደጅ አቁሙት፣ ገንዘቡን በየወሩ በስሟ አስገቡት። እምቢ ማለቷን ተገን አድርጎ መቀመጥ የልጅ ወግ አይደለም።

በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ነገርም ይታየኛል። ዋሽንግተን አካባቢም ይሁን አውሮፓ፣ ልጅ ሲወለድ እናት «ልታርስ» ከአገር ቤት ትመጣለች። ትመጣለች፣ ደስታዋ ወሰን የለውም። ገንፎውን ታገነፋለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች። ልጇና አማቿ ሥራ ሲገቡ ግን የአራሱ ጊዜ አልቆ የሞግዚትነቱ ጊዜ ይጀምራል። ከማለዳ እስከ ማታ ቤት ውስጥ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ናት፤ ቋንቋውን አታውቅም፣ መንገዱን አታውቅም፣ ክረምቱ ያስፈራታል፣ ቅዳሴ የምትደርሰው የሚያደርሳት ሲገኝ ነው። ለሕፃናት ማቆያ ይወጣ የነበረው ብዙ ዶላር በእሷ ጉልበት ይተርፋል። ቪዛዋ ሲያበቃ ጫማና ሽቶ በሻንጣ ተሞልቶላት ትሸኛለች። ይህን የሚያደርጉ ልጆች ክፉዎች አይደሉም፤ ኪራይ አለባቸው፣ ሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ናቸው። ነገር ግን በሜይ እሑድ አበባ ገዝተው ፎቶ ከመለጠፋቸው በፊት የተረፈውን ገንዘብ አስበው ቢያንስ ግማሹን በእጇ ሊሰጧት ይገባል። በሳምንት አንድ ቀንም ከቤት ወጥታ ከእኩዮቿ ጋር ቡና የምትጠጣበትን መንገድ ማመቻቸት የሚያቅት አይደለም።

ጅዳና ቤይሩት፣ ዱባይም ያሉ እናቶቻችን ከዚህ የከፋ ነው ያለባቸው። የራሳቸውን ልጅ ለአያት ትተው የሌላ ሰው ልጅ ያሳድጋሉ። የሚልኩት ገንዘብ ቤት ይሠራል፣ ወንድም ያስተምራል። ሲመለሱ ግን ስንቷ ናት በስሟ የተቀመጠ ነገር የምታገኘው? ገንዘቡን ስንቀበል የነበርን ቤተሰቦች ይህን ጥያቄ ራሳችንን መጠየቅ አለብን። ልጁን የተቀበለችው አያትም ዳግመኛ እናት ሆናለች፤ የእሷን ውለታ ማንም በፎቶ እንኳ አያነሣውም።

የእናቶች ቀን ይቅር አልልም። የሚከበርበት ቤት ያክብረው፤ ፎቶውም ይለጠፍ። ከሰኞ ጀምሮ ግን የሚሠራ ሥራ አለ። የሕዝብ ተወካዮች የአባትን 3 ቀን እንዲያራዝሙ፣ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ እንዲቋጩ መጠየቅ አለባቸው። ድርጅት የምትመሩ ሰዎች ሕግ እስኪያስገድዳችሁ አትጠብቁ፤ የምታጠባ ሠራተኛ ልጇን የምታስቀምጥበት አንድ ክፍል ለማዘጋጀት የሚከለክላችሁ የለም። ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ የእናታችሁን የጉልበትና የወገብ ሕመም በስልክ «እግዜር ይማርሽ» ብላችሁ አትለፉት፤ ይዛችኋት ሂዱና ሐኪሙ ፊት አብራችኋት ተቀመጡ። የመጪውን በዓል ሽንኩርት እናንተ ላጡት፣ ከገበታው ላይ መጀመሪያ እሷን አስቀምጧት፣ ሰሐኑንም እናንተ እጠቡት። ይህን ሁሉ የምለው በተለይ ለወንዶች ልጆች ነው። እስከ ዛሬ እናት ስትታመም አስታማሚዋ፣ ስትደክም የምትተካት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም ብዙ ጊዜ የራሷ ልጆች ያሏት እናት ናት። ወንድሞቼ፣ በዚህኛው በዓል እህታችሁን አትጠብቁ።